ከአስር ስንት

አቶ ወልደ ሐዋርያት አይቀመጡም። ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወሰን ሰፈር ካለው ቤታቸው ወጥተው፣ የጋራዦቹን አጥር ይዘው፣ እስከ ላምበረት ይሄዳሉ። አውቶቡስ ተራው በር ላይ ቆመው የደሴና የደብረ ብርሃን ተሳፋሪ ሲሳፈር ያያሉ። የሚሸኙት ሰው የለም። ተሸካሚዎቹ ለምደዋቸዋል፤ "አባባ፣ ዛሬም ቀሩ?" ይሏቸዋል። "ትኬት አልቆ ነው" ብለው ይመለሳሉ። ቤት ገብተው ቁርሳቸውን ቆመው ይቀምሳሉ። ከዚያ ደግሞ ይወጣሉ።

ሰፈሩ ይህን እንደ ጤና ይቆጥረዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ካረፉ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗል። አቶ ወልደ ሐዋርያት አልጋ ላይ አልዋሉም፣ መጠጥ አልጀመሩም፣ ከቀብሩ ቀን በኋላ ሰው ፊት አላለቀሱም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ "ጠንካራ ሰው" ብሎ ሄደ። እሳቸውም አመኑ።

ዕድሜያቸውን ያሳለፉት መዝገብ ቤት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ፋይል ሲያወጡና ሲመልሱ ኖሩ። እዚያ ፋይል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እልባት ያገኘ ነው፤ በቀይ እስክሪብቶ "ይዘጋ" ተብሎበት መደርደሪያ ይገባል። ሌላው በእንጥልጥል ያለ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። አቶ ወልደ ሐዋርያት በእንጥልጥል ያለ ፋይል ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ምሳ መብላት አይሆንላቸውም ነበር።

ሐዘንንም በዚሁ ዓይን ነው የሚያዩት። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በሙት ዓመቱ ማግስት ጥቁሩን አውልቀው፣ አሳጥበው፣ አጣጥፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ለእሳቸው እዚያ ላይ ተዘጋ።

ሐመልማል ዘንድ ግን አልተዘጋም።

ሐመልማል አንድ ልጃቸው ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መገናኛ አካባቢ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ስልክ ትቀበላለች። እናቷ ባረፉ በሦስተኛው ወር፣ ለሥራ ይቀርበኛል ብላ፣ ከጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ከቤት ወጣች። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቷ ስለ ስሜት ሥልጠና ሰጥቶ ነበር። አሠልጣኟ፣ የሚሰማውን በቃል መናገር የሚያቅተው ሰው ቁጥር ይስጠው፣ ከአስር ስንት እንደሆነ ይናገር ብላ አስተማረች። ሐመልማል ይህን ስትሰማ አባቷን አሰበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውላለች።

"አባዬ፣ ዛሬ ከአስር ስንት ነህ?"

"ስምንት።"

ሁልጊዜ ስምንት ነው። በክረምቱ ስምንት፣ በመስቀል ስምንት፣ በገና ስምንት። አንድ ሰሞን ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት እንኳ በሹክሹክታ ስምንት አሉ።

ቁጥሩን ዝም ብለው አልመረጡትም። የመጀመሪያ ቀን ስትጠይቃቸው ስልኩን እንደያዙ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ ዞረው አስበውበታል። ባለቤቱን የቀበረ ሰው አስር አይልም፤ ነውር ነው። ዘጠኝም ያው ነው። ሰባት ቢሉ ልጅቷ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ስምንት ማለት አትጨነቂ ማለት ነበር። የአባት ሥራ ልጁ እንዳትጨነቅ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ያለውን ዘርግፎ ማሳየት አይደለም። እንዲህ አድርገው ያሰቡትን ነገር ግን ለእሷ አልነገሯትም። ለሚያስቡት ነገር ማብራሪያ መስጠት አልለመዱም።

በሙት ዓመቱ ዕለት እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ሐመልማል ወደ ኪራይ ክፍሏ ተመለሰች። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወለች። ጠየቀች። ስምንት አሉ። 

"ዛሬም ስምንት?" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ።

ዘጋችባቸው።

ከዚያ በኋላ አልደወለችም። ሲደውሉላት ወይ አታነሳም፣ ወይ "ሥራ ላይ ነኝ አባዬ" ትላለች። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ሁለተኛውም ወር ገባ። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አቶ ወልደ ሐዋርያት ስልካቸውን ይዘው ግቢው ውስጥ ይመላለሳሉ። ስልኩ የሚጠራው ወይ ስለ ካርድ ነው ወይ ስለ ዕድር።

አኩርፋለች ብለው ደመደሙ። ኩርፊያ የሚያውቁት ነገር ነው። ኩርፊያ መነሻ አለው፣ በዳይ አለው፣ መድኃኒት አለው። ያኮረፈ ሰው አይለመንም፤ ሰው ይላክበታል። እሳቸውና ወይዘሮ የማርያምወርቅ በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ተኳርፈው ያውቃሉ፤ በአስረኛው ቀን ጎረቤት ገብቶ አስታረቃቸው። የተኳረፉበትን ምክንያት ዛሬ አያስታውሱም። የገባውን ጎረቤት ግን ያስታውሳሉ፤ አቶ ጎበና ነበሩ።

አቶ ጎበና ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዛሬ ጋራዦቹ የቆሙበት መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያመርቱ ነበር። አሁን ከጋራዦቹ በአንዱ ልጃቸው ኤቢሳ ይሠራል፤ እሳቸው በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው መንገደኛውን በኦሮምኛም በአማርኛም ይተርባሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሰፈር ውስጥ ብዙ ባልና ሚስት አስታርቀዋል። አቶ ጎበና ይናገራሉ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት ውሉን ይጽፋሉ። አቶ ጎበና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ጉዳዩን አቶ ወልደ ሐዋርያት ቆመው ነገሯቸው።

"ስምንት ስላልክ?" አሉ አቶ ጎበና።

"ስምንት ስላልኩ።"

"ስንት እንድትል ፈልጋ ነው?"

"እሱን ነው የምትጠይቅልኝ።"

አቶ ጎበና ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በምሳ ሰዓት ኢንሹራንሱ ድረስ ሄዱ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የካሳ ጥያቄ መስሏት ቅጽ ሰጠቻቸው። ቅጹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ሐመልማልን አስጠሩ። ሐመልማል ጎን ያለ ጭማቂ ቤት ወስዳ አስቀመጠቻቸው። ሽምግልናቸውን በደንቡ ጀመሩ፤ አባትሽ ምን በደለሽ፣ ንገሪኝና እሱም ይካስ አሏት። አልበደለኝም አለች። ታዲያ ያስቀየመሽ ምንድን ነው ሲሏት፣ አልተቀየምኩም አለች። አቶ ጎበና በሽምግልና ዘመናቸው በዳይም ተበዳይም የሌለበት ጠብ ገጥሟቸው አያውቅም። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቋት።

"ጋሽ ጎበና" አለች፣ "ምንም አልሆንኩም፣ ትንሽ ስፔስ ነው የምፈልገው። እንደዚያ ብለው ይንገሩልኝ።"

ነገሩላት። አቶ ወልደ ሐዋርያት ጋራዡ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"ኩርፊያ የላትም" አሉ አቶ ጎበና። "ስፔስ ነው የምትፈልገው።"

"ስፔስ?"

አቶ ጎበና ወደ ጋራዡ ዞረው በኦሮምኛ ተጣሩ። ኤቢሳ መኪና ሥር ተንጋሎ ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ስፔስ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። "ቦታ ነው፣ ክፍት ቦታ" አለ ከሥር፣ ብረት እየደበደበ።

አቶ ወልደ ሐዋርያት ለማረጋገጥ እንጂ ለማወቅ አልነበረም የጠበቁት። መዝገብ ቤት የነበረው የጽሕፈት መኪና ስፔስ የሚባል ረጅም ቁልፍ ነበረው፤ ሲመቱት ባዶ ቦታ ያስገባል። ነገሩ ተገለጠላቸው። ልጅቷ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ታድራለች። እዚህ ደግሞ ሰው የማይገባበት የተቆለፈ ክፍል አለ። አባት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ያለውን ቦታ አልሰጣትም፤ ከአፏ እስኪወጣ ጠበቀ። ማኩረፍ ሲያንሳት ነው።

"ጠቧት ነው ለካ" አሉ አቶ ጎበና። "እኛ ሆዷ ውስጥ ስንበረብር።"

ክፍሉ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ነው። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሠላሳ አራት ዓመት ልብስ የሰፉት እዚያ ነው። ካረፉ ወዲህ አልተከፈተም። አቶ ወልደ ሐዋርያት ሰኞ ጠዋት ከፈቱት፤ ረቡዕ ጠዋት ባዶ ነበር። ቁርጥራጩን ጨርቅ በማዳበሪያ አድርገው ፍራሽ ለሚሠራ ሰው ሰጡ። መስተዋቱንና መደርደሪያውን ዕድር ወሰደው። የስፌት መኪናዋን ብቻ ለሰው መስጠት ስላልሆነላቸው ከአቶ ጎበና ጋር ተሸክመው ሳሎን አስገቧት። ግድግዳውን ነጭ ቀቡት። እንዲህ ሲሠሩ ሦስት ቀን ላምበረት አልሄዱም፤ ተሸካሚዎቹ በመጨረሻ ተሳፈሩ ብለው አስበው ይሆናል።

መሳቢያ ሳያራግፉ ዕቃ ከቦታው አያነቃንቁም፤ የሥራ ልማድ ነው። የስፌት መኪናዋ የቀኝ መሳቢያ ውስጥ አዝራሮች፣ ጠመኔ፣ ሜትር ነበር። የግራው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኙ። ፈቱት። ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ተቆርጧል፣ ክፍል በክፍል በስፒል ተያይዟል፣ አልተሰፋም። ላዩ ላይ አንዲት ወረቀት አለች። በባለቤታቸው ጽሕፈት ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል፣ እጅጌ ይህን ያህል ይልና ከግርጌው "ሐመልማል" ይላል።

ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አያውቁም። የሚያውቁት ቀጥሎ ያሰቡትን ነው። በእንጥልጥል ያለ ፋይል ነው፤ ዓመት ከሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ የቆየ። ይለቅ። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ አዲሱ ክፍል በር ላይ ይሰቀል። ልጅቷ ስትመጣ ቦታዋንም ቀሚሷንም ታገኛለች። ከዚህ የተሻለ ዕርቅ አላዩም።

የሚሰፋው ማን እንደሆነ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። እየሩስ የምትባል ልጅ ከወይዘሮ የማርያምወርቅ ዘንድ ሁለት ዓመት ሙያ ተምራለች፤ አሁን እንጦጦ ማርያም አጠገብ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የምትሰፋበት ትንሽ ቤት አላት። ረቡዕ ከሰዓት ጥቅሉን ይዘውላት ወጡ። እየሩስ ጋዜጣውን ፈትታ ስፒሎቹን በጣቷ ነካካች።

"የእትዬ እጅ ነው" አለች። ቀጥላም "ሐመልማል ታውቃለች?" አለች።

"ለእሷው ነው።"

"ለእሷ መሆኑንማ ወረቀቱ ይናገራል።"

"ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይድረስልኝ" አሉ።

ሐሙስም ወጡ፣ ዓርብም ወጡ። ሦስት ታክሲ ነው፤ ወሰን መገናኛ፣ መገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ። እየሩስ ቅዳሜ ነው ያልነው ስትላቸው፣ ለማርያም መጥቼ ነው ይላሉ። ተቀመጡ ብትላቸው አይቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው የሌላ ሰው ልብስ ስትሰፋ ያያሉ፤ የመኪናው ድምፅ ሲቆም ይሄዳሉ።

ዓርብ ማታ፣ ክፍሉን ጠዋት አይታ ቀሚሱን ከሰዓት ታገኛለች ብለው፣ ለሐመልማል መልእክት ጻፉ። ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አርመው ላኩት፤ "ስፔሱ ተዘጋጅቷል። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ። አባትሽ።"

ሐመልማል መልእክቱን አንብባ ለጓደኛዋ አሳየቻት። ሁለቱም አልገባቸውም። ሐመልማል ፈራች፤ ብቻውን የሚኖር የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት ወሰን ደረሰች።

አቶ ጎበናም ጋቢያቸውን ለብሰው ተገኝተው ነበር፤ ሽማግሌ በሌለበት ዕርቅ አይወርድም። አቶ ወልደ ሐዋርያት ልጃቸውን ስመው፣ ወደ ጓሮ መርተው፣ የሰርቪሱን በር ከፈቱት።

"ይኸው ስፔስሽ" አሉ።

ነጭ ክፍል ነው። የቀለሙ ሽታ ገና አልጠፋም። ሲሚንቶው ላይ የስፌት መኪናዋ አራት እግሮች ጥቁር ምልክት ትተዋል። ሐመልማል እነሱን አየች። ከዚያ ወደ አቶ ጎበና ዞረች።

"ጋሽ ጎበና፣ እኔ እንዲህ ነው ያልኩዎት?"

"ስፔስ አልሽ። ኤቢሳን ጠየቅነው።"

ሳቀች። ሳቁ ትንሽ ቆይቶ መልኩን ቀየረ፤ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አስረዳቻቸው። ስፔስ ማለት ክፍል አይደለም፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻዬን ተዉኝ፣ እኔው እስክደውል አትደውሉ፣ አትጠይቁኝ ማለት ነው።

አቶ ወልደ ሐዋርያት በጥሞና ሰሙ። "እሱማ ኩርፊያ ነው" አሉ።

"አይደለም አባዬ።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?"

ክፍሉን ደግማ አየች። ዕቃው የት እንደሄደ ጠየቀች፤ አባቷ አንድ በአንድ ነገሯት። የስፌት መኪናዋ ሳሎን እንዳለች ስትሰማ ብቻ ቀና አለች።

"የግራው መሳቢያ ውስጥ እማዬ የቆረጠችልኝ ቀሚስ አለ" አለች። "እሱን ማንም እንዳይነካው። ሌላው ሁሉ ይሂድ።"

አቶ ጎበና ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ለምን አላሰፋሽውም?" አሉ አባቷ። "ዓመት ሙሉ።"

"እንዲያልቅ አልፈልግም። ስፒሎቹን የሰካችው እሷ ናት፤ እንዳደረገችው እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው። ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋኝ እዚያ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አስባለሁ።" ቀና ብላ አየቻቸው። "አለ አይደል?"

አቶ ወልደ ሐዋርያት የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ሰዓት ከሃያ።

"አለ" አሉ። "መጣሁ።"

ወጡ።

በመንገድ ላይ ለእየሩስ ደወሉ። ይጠራል፣ አይነሳም። እየሩስ የስፌት መኪና ላይ ስትቀመጥ ስልክ አታነሳም፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንዲያ ነው ያስተማሯት። ታክሲው ላምበረት ላይ ለተሳፋሪ ቆመ። አቶ ወልደ ሐዋርያት ከኋላ ሆነው "ሞልቷል፣ ንዳ" አሉ፤ አልሞላም ነበር። ከአውቶቡስ ተራው በር አንዱ ተሸካሚ አይቷቸው እጁን አነሳ፤ አላዩትም። መገናኛ መንገዱ ተዘግቷል። ወርደው በእግራቸው ተሻገሩ። የስድስት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ አለው፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ጥሰው ገቡ። አንዲት ሴት አባባ ተራ አለ አለቻቸው። አውቃለሁ አሏት። ደግመው ደወሉ፤ አይነሳም።

ቀሚሱ ካለቀ ምን እንደሚሏት ሞከሩት። እናትሽ እንዲያልቅ ነው የቆረጠችው። ትክክል ነው፤ ሊከራከሩበት ይችላሉ። ታክሲው ውስጥ ሲሉት ግን፣ እንደዚያ በር ደፍ ላይ ተቀምጣ ለምታይ ልጅ የሚባል ሆኖ አላገኙትም። ሌላ ሞከሩ። አላወቅኩም። እሱም ትክክል ነው። የባሰ ነው።

ሽሮ ሜዳ ላይ የእንጦጦው ታክሲ እስኪሞላ ይጠብቃል። አቶ ወልደ ሐዋርያት መጠበቅ አልቻሉም፤ ዳገቱን በእግር ጀመሩት። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው ባሕር ዛፉ መሐል ሲገቡ ያው ታክሲ ደረሰባቸውና ቆመላቸው። ሲገቡ ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር፤ ሒሳባቸውን የሰጡት ሳይናገሩ ነው።

የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከመንገድ ሰሙት። አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

"አቁሚ" አሉ ከበሩ።

እየሩስ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ሁለቱ ትከሻ ተሰፍቷል። አንዱ እጅጌ ተገጥሟል። የቀኝ ጎን ግማሹ ሄዷል። የቀረው በስፒሉ እንዳለ ነው። ስፒሎቹ የወጡት አንድ የቡና ሲኒ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ነገሯት። እየሩስ አልተቆጣችም። "ረቡዕ ጠይቄዎት ነበር" ብቻ አለች። ከዚያ ቀሚሱን ወደ ራሷ ሳበች፤ ለእሷ መተርተሩ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው፣ እሳቸው ይረፉ አለች።

"አይሆንም። ያሰፋሁት እኔ ነኝ።"

ምላጭ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ ደንበኛ የሚቀመጥባት ዱካ ነበረች። ተቀመጡባት። እየሩስ ሲቀመጡ ያየቻቸው ያን ቀን ነው።

ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከትከሻው ጀመሩ። አንድ ክር ይቆርጣሉ፣ በጥፍራቸው ይስባሉ፣ ሌላ ይቆርጣሉ። የእየሩስ ስፌት ደቃቅ ነው፤ ያስተማሯት ሰው አጥብቀው ነው ያስተማሯት። በሩብ ሰዓት ውስጥ የአንድ ጣት ርዝመት ተረተሩ። በሄዱበት ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች ተሰልፈው ቀሩ። በጣታቸው አሹት፤ አልጠፉም።

ወሰን ባለው ቤት ደግሞ አቶ ጎበና ምስጢሩን አስር ደቂቃ ያህል ይዘውት ነበር። ሐመልማል ሳሎን ገብታ የግራውን መሳቢያ ከፍታ ባዶውን ስታሳያቸው፣ ተይው እሱን፣ አባትሽ ለደግ ብሎ ነው ብለው ዘርዝረው ነገሯት። ከዚያ አሮጌ መኪናቸውን አስነስተው እሷን ጎን አስቀምጠው ተከተሉ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ውሃ ጠጣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐመልማል በሩ ላይ ቆመች። አባቷ ቀና አላሉም። ጥላዋ ጨርቁ ላይ ሲወድቅ ብርሃን የጋረደባቸው ደንበኛ መሰላቸው።

"ትንሽ ፈቀቅ በሉልኝ" አሉ።

"አባዬ።"

ምላጩን አቆሙ።

"አለ አላልከኝም?"

"አለ። ይኸው።" ቆዩና ጨመሩ። "ሙሉውን አይደለም። ከቀኝ ወገን ሄዷል። እየመለስኩት ነው።"

ሐመልማል እየሩስን አየቻት፤ እየሩስ ሲኒውን ከፍ አድርጋ ስፒሎቹን አሳየቻት። አንድም አልጠፋም። ሐመልማል ጨርቁን አንስታ ለብርሃን ያዘችው። ቀዳዳዎቹን አየች። እንደምትጮህ አቶ ወልደ ሐዋርያት ጠበቁ። ብትጮህ ይሻል ነበር። ጨርቁን መልሳ ጭናቸው ላይ አደረገችውና መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር፣ ተቀመጠች። የእጅጌውን ጫፍ ወደ ራሷ ሳበች። እየሩስ ሁለተኛ ምላጭ አቀበለቻት።

አባት ከትከሻ፣ ልጅ ከእጅጌ። ውጭ አቶ ጎበና የመኪናቸውን ክዳን ከፍተው እንፋሎቱን እያዩ ነበር።

"አንቺስ ከአስር ስንት ነሽ?" አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት።

ሐመልማል ምላጩን አቆመች። ዘጠኝ ወር ስትጠይቃቸው አንድ ቀን መልሰው ጠይቀዋት አያውቁም።

"ሁለት" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጥቅምት።"

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በጣታቸው ቆጠሩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ስምንት ነህ። አንተ ስምንት ሆነህ እኔ ሁለት ነኝ ማለት አሳፈረኝ። የሞተችው የእኔ እናት ብቻ መሰለችኝ።"

አቶ ወልደ ሐዋርያት መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"ስምንት ማለት አትጨነቂ ማለት ነበር" አሉ።

"ቁጥር እኮ ነው የጠየቅኩህ።"

"ቁጥሩን አላውቀውም። ቤት ስገባ መቀመጥ አልችልም። ስንት እንደሚባል አላውቅም።"

ሐመልማል እጅጌውን መተርተር ቀጠለች። ፈጣን ናት፤ የእናቷ ልጅ ናት፤ እሳቸው ግማሽ ትከሻ ሲጨርሱ እጅጌው ወለቀ። አቶ ጎበና እጃቸውን እየጠረጉ ገቡ። ዕርቁ ወርዷል ወይስ ገና ነው ብለው ጠየቁ። ሐመልማል የሚታረቅ የለም ስትላቸው፣ እንግዲያው ቁጥር የመናገሩ ተራ የእኔ ነው አሉ፤ ጠዋት ዘጠኝ ነበርኩ፣ ይህን ዳገት ካስወጣችሁኝ ወዲህ ስድስት ነኝ። እየሩስ ሳቀች። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ነጠላዋን ልትወስድ ስትመጣ ጎኑን እየተረተሩ ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረሱ። ሐመልማል ስፒሎቹን ከሲኒው እያነሳች በቀዳዳዎቹ መስመር መልሳ ሰካቻቸው። የእናቷ አሰካክ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ እየሩስም ታውቃለች። ወረቀቷን ከላይ አድርጋ በዚያው ጋዜጣ ጠቀለለችው። አባቷ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው። ማታ እቤት ሲደርሱ የግራው መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና ዘጉት። እንጥልጥል ነው። መሳቢያውን ሁለት ጊዜ ከፍተው አዩት፤ ከዚያ ተዉት።

እሑድ ጠዋት ላምበረት ሄዱ። ተሸካሚዎቹ የት ጠፉ አሏቸው። ሄጄ መጣሁ አሉ። ነጩ ክፍል ባዶውን ነው፤ ሐመልማል አትገባበትም፤ ለጊዜው ባዶ ይሁን ብላለች። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቋትም። መጠየቅ ፈልገው ነበር።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ቆመው።

"አባዬ፣ ዛሬ ከአስር ስንት ነህ?"

አፋቸው ላይ የመጣውን መለሱት።

"ቆይ፣ ላስብ" አሉ።

ከበሩ እስከ ሰርቪሱ ሄዱ። ተመለሱ። ደግመው ሄዱ። በስልኩ ውስጥ የመገናኛ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሐመልማል አልዘጋችም።